ስማችሁ ፓስወርድ አይደለም

እንጅባራ ነው ወይስ እንጂባራ? የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ በሁለቱም መልክ ተጽፋ ትገኛለች። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዳንግላም አንዳንዴ «ዳንጊላ» ናት። ሰው በዚህ ግራ አይጋባም። ኮምፒውተር ግን ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ ለእሱ «ጅ» እና «ጂ» የተለያዩ ቁጥሮች፣ ስለዚህም የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ይቺ ትንሽ ነገር ጉዳት የምታመጣው ስም እንደ ቁልፍ ሲያገለግል ነው። በአገራችን ዌብ አፕሊኬሽኖች ደግሞ ስምን ቁልፍ ማድረግ ተለምዷል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤታችሁን በኢንተርኔት ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ገጹ የሚጠይቀው የፈተና መለያ ቁጥርና የመጀመሪያ ስም ነው። ሁለቱን ስትሞሉ ውጤቱ ይመጣል። ብዙ ሰው ይሄን «ሎግኢን ማድረግ» ይለዋል። አይደለም። ማታ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ትላላችሁ፣ ከውጭ «አየነው ነኝ» ይላል። በሩን የምትከፍቱት ስሙን ስለሰማችሁ ሳይሆን ድምፁን ስላወቃችሁት ነው። ስም ማንም ሊናገረው ይችላል፤ ማረጋገጫው ድምፁ ነው። መለያ ቁጥሩም ስሙም «አየነው ነኝ» ከማለት አያልፉም። ቁጥሩ መፈተኛ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ስማችሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በድምፅ ቦታ የቆመ ነገር የለም።

ያም ሆኖ የፈተናውን ገጽ ብዙ አልወቅሰውም። ድሮ ውጤት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ጎረቤት ቢያየው አዲስ ነገር አይደለም። በአንድ ሌሊት ለሚጎርፈው ተማሪ ሁሉ ፓስወርድ ማደልም ሌላ ጣጣ ነው። ገጹ ያሳያል እንጂ ምንም አያስቀይርም። የምወቅሰው ይህንኑ አሠራር ገልብጠው ሰው ገብቶ ነገር በሚቀይርበት ቦታ ላይ የሚያስቀምጡትን ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በተማርኩበት ግቢ የተማሪዎች መመዝገቢያ ሲስተም ነበር። መግቢያው የመታወቂያ ቁጥር፣ ፓስወርዱም እስኪቀየር ድረስ ያው ቁጥር። መታወቂያውን ደግሞ አንገታችን ላይ አንጠልጥለነው እንዞራለን! አንድ ጓደኛዬ የምዝገባው ጊዜ ካለፈ በኋላ ሁለት ኮርሶቹ ተሰርዘው አገኘ። ማን እንደነካው አልታወቀም። ቢሮ ሄዶ ሲያመለክት የተሰጠው መልስ «ገብተህ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ሲስተሙ እንዲህ ይላል» የሚል ነበር። ኮርሶቹ በዓመት አንዴ የሚሰጡ ስለነበሩ አንድ ዓመት ዘግይቶ ተመረቀ።

ስለ ሎግኢን ሲወራ ሁሌም አጥር እንደሆነ ብቻ ይነገራል፤ ሌባ እንዳይገባ። እኔ የምለው፣ ሎግኢን ምስክርም ነው። ከገባችሁ በኋላ የሚደረገው ሁሉ በስማችሁ ይመዘገባል። አጥሩ ደካማ ከሆነ ምስክሩም ሐሰተኛ ይሆናል። የሐሰት ምስክርነቱ ግን «ሲስተሙ ይላል» ተብሎ ይታመናል።

የተቃራኒውን ምሳሌ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉ፤ ባንኩ እንዳለው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከተጠቀሙት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች የማንንም ፒን አልሰረቁም። ካርዱም ፒኑም የራሳቸው ነው። ማንነትን የማረጋገጡ ሥራ በትክክል ተሠርቷል፤ የተበላሸው ቀጣዩ ጥያቄ፣ «ይህ ሰው ይህን ማድረግ ተፈቅዶለታል ወይ?» የሚለው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ጀማሪ ፕሮግራመር ሁሌ ያደባልቃቸዋል። ማንነቱ በደንብ ስለተረጋገጠ ግን ባንኩ ማን ስንት እንደወሰደ ዘርዝሮ ማወቅ፣ ያልመለሱትንም በስምና በፎቶ ማውጣት ቻለ። አሁን ባንኩ ፒን ሳይሆን የሒሳብ ቁጥርና ስም ብቻ የሚጠይቅ ቢሆን ኖሮ በማን ስም ማን ይወጣ ነበር?

ወደ ፊደሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም ስም መጥፎ ምስጢር ከመሆኑ ሌላ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ መጥፎ መለያም ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ «ሠ» 4640፣ «ሰ» ደግሞ 4656 ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ሠላም እና ሰላም፣ ፀሐይ እና ጸሀይ በኮምፒውተር ዓይን አይገናኙም። ዩኒኮድ ራሱ ያለው የማስተካከያ ዘዴም እነዚህን አያዋህዳቸውም፤ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና ልክ ነው። እናቷ «ሠላም» ያለቻት ልጅ፣ መዝጋቢው «ሰላም» ብሎ ከጻፋት፣ በገዛ ስሟ ደጅ ትቀራለች። በአዊኛ የወጣ ስም በአማርኛ ጸሐፊ እጅ አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ሲዞርማ ተዉት። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ስም ሲፈለግ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ ማወዳደር፣ ሲቀመጥ ግን ባለቤቱ እንደጻፈው መተው።

ታዲያ ምን እንጠቀም? ዛሬ የተለመደው በስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ኮድ ነው። ከምንም ይሻላል። ግን ኮዱ የሚያረጋግጠው ሲም ካርዱ ማን እጅ እንዳለ ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። አንድ ስልክ ለቤተሰቡ ሁሉ በሚያገለግልበት ቀበሌ የአባት ሎግኢን የልጅም ነው። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በቴክስት የሚመጣ ኮድን በገደብ ብቻ ከሚፈቀዱት ውስጥ መድቦታል። የፋይዳ ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ 12 አሃዝ ቢሆንም፣ በየቢሮው ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ነገር ምስጢር ሊሆን አይችልም። መለያ ነው። ማረጋገጫው ከእሱ ጋር የሚመጣው ኮድ ወይም አሻራ ነው።

አዊ ላይ የሚያስቸግር ሌላም ነገር አለ። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንጅባራ ያለ አንድ ግቢ ሰርቨሩን እዚያው ሕንፃ ውስጥ አስቀምጦ መግቢያውን «በጎግል ግባ» ቢያደርገው፣ የውጭው መስመር በተቋረጠ ቀን ሰርቨሩ አጠገባችሁ እየሠራ ማንም አይገባም። በሩ እዚህ፣ ቁልፉ ካሊፎርኒያ!

እኔ ለእንዲህ ያለ ቦታ የምመርጠው በሰዓት ላይ የተመሠረተውን ኮድ ነው። ስትመዘገቡ ሰርቨሩና ስልካችሁ አንድ የጋራ ምስጢር ይይዛሉ። ከዚያ ሁለቱም ምስጢሩን ከሰዓቱ ጋር አቀላቅለው በየ30 ሰከንዱ አንድ ዓይነት ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያወጣሉ። ስልኩ ኔትወርክ አይፈልግም። የእኛ አገር ችግር ግን እዚህም አለች፦ የስልኩን ሰዓት በእጁ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የመለሰ ሰው ከሰርቨሩ በ6 ሰዓት ይርቃል። ያ 720 ኮድ ያህል ነው፤ አይገባም። የሰዓት ክልሉን ከቀየረ ግን ችግር የለም። ይህንን መግቢያው ገጽ ላይ በአማርኛ የጻፈ አፕሊኬሽን እስካሁን አላየሁም።

ፓስወርድ አቀማመጥ ላይ ብዙ አልቆይም። ፓስወርዱ እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ አይቀመጥም፤ ወደኋላ በማይመለስ ስሌት ተፈጭቶ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ የተሠራው ቢክሪፕት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ጃንጎን የመሳሰሉ ማዕቀፎች ደግሞ የራሳቸውን የማስቀመጫ ዘዴ ይዘው ይመጣሉ፤ ራሳችሁ ለመጻፍ አትሞክሩ። ባለ 4 አሃዝ ፒን ከሆነ ያሉት አማራጮች 10,000 ብቻ ናቸው፤ ሙከራው ካልተገደበ ኮምፒውተር ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ ጊዜ አይወስድበትም። የመጀመሪያ ፓስወርድ ስትሰጡም ለእያንዳንዱ ሰው በዕጣ የወጣ ይሁን፣ ሳይቀየርም ምንም አያስነካ።

የጓደኛዬ ግቢ በኋላ ፓስወርዱን ሁሉም እንዲቀይር አስገድዷል ብለውኛል። መዝገቡ ላይ ግን እነዚያን ሁለት ኮርሶች ያወጣው ዛሬም እሱ ራሱ ነው።