ተሰጥዖ ብቻውን ይበቃልን? «ቼክ ኤንድ ሜት» የተሰኘው የወጣቶች ልብ ወለድ ሲመረመር

ወጣቶች ከመማሪያ መጽሐፋቸው ውጭ በገዛ ፈቃዳቸው መርጠው የሚያነቡት ልብ ወለድ ስለ ተሰጥዖ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕድል አንድ ዓይነት ትምህርት ሳይሰጣቸው አይቀርም። ትምህርቱ በሥርዓተ ትምህርት ያልታቀደ መሆኑም ኃይሉን አይቀንሰውም። አሊ ሄዝልዉድ በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው፣ በነርቭ ሳይንስ የሠለጠነችው የጣሊያን ተወላጅ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «ቼክ ኤንድ ሜት» ከዚህ አንጻር ሊመረመር የሚገባው ሥራ ነው። መጽሐፉ ደራሲዋ ለወጣት አንባቢያን ያቀረበችው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሲሆን፣ በቼዝ ውድድር ዓለም ውስጥ ፍቅርንና ሣቅን አዋሕዶ የሚተርክ ነው።

ታሪኩን በራሷ አንደበት የምታወራው ማሎሪ ግሪንሊፍ የ18 ዓመት አሜሪካዊት ወጣት ናት። በልጅነቷ በቼዝ የላቀች ነበረች፤ ነገር ግን ጨዋታው ከአባቷና ከቤተሰቧ መናጋት ጋር ስለ ተያያዘባት እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። እናቷ በመገጣጠሚያ ሕመም የምትሠቃይ፣ ሁለት ታናናሽ እኅቶቿም ገና ያላደጉ በመሆናቸው፣ ኮሌጅ መግባትን ወደ ጎን ብላ በአንድ ጋራዥ በመካኒክነት ትሠራለች። ጓደኛዋ ለምና ባስገባቻት የበጎ አድራጎት ውድድር ላይ ግን የዓለም ሻምፒዮኑን ኖላን ሶየርን ድል ትነሣለች። ሥራዋን ባጣች ጊዜም በኒው ዮርክ የሚገኝ «ዙግዝዋንግ» የተባለ ክበብ ያቀረበላትን፣ ክፍያ ያለው የአንድ ዓመት የሥልጠና ዕድል ትቀበላለች። ከዚያ ወዲያ ትረካው በአሸናፊዋና በተሸናፊው መካከል የሚያድገውን ፍቅር ይከተላል።

የክበቡ ስም ያለ ምክንያት የተመረጠ አይመስልም። ዙግዝዋንግ ከጀርመንኛ የተወሰደ የቼዝ ቃል ነው። ትርጉሙም ተጫዋቹ የትኛውንም ጠጠር ቢያንቀሳቅስ ይዞታው የሚከፋበት፣ ተራውንም ማለፍ የማይፈቀድለት ሁኔታ ማለት ነው። የማሎሪ ኑሮም እንዲሁ ነው። ጋራዥ ብትቀር ተሰጥዖዋ ይባክናል፤ ብትጫወት የቤቷ ወጪ ይጓደላል። የመጽሐፉ ዋና ብርታት የሚታየው ከዚህ ላይ ነው። ወጣቷን ወደ ሰሌዳው የመለሳት ምክር ወይም ተግሣጽ አይደለም፤ ፍቅርም አይደለም፤ የወር ገቢ ነው። ጥሩ ችሎታ ያለው ተማሪ ትምህርቱን ሲያቋርጥ «ፍላጎት የለውም» ብሎ መመዝገብ ቀላል ነው። ማሎሪም ራሷ ቼዝን እንደማትፈልግ በቀልድ እየሸፋፈነች ደጋግማ ትናገራለች። አንባቢው ግን ከቀልዱ ሥር ያለውን ጭንቀት እያደር ይረዳዋል። ፍላጎት ማጣት የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ጊዜና ገንዘብ ማጣት መሆኑን መጽሐፉ ሳይሰብክ ያስገነዝባል።

በአንጻሩ ስለ ሥልጠና የሚሰጠው ሥዕል ደካማ ነው። ለዓመታት ጠጠር ያልነካች ልጅ የዓለምን ሻምፒዮን በአንድ ግጥሚያ ስታሸንፍ ለአስቂኝ ልብ ወለድ የተፈቀደ ማጋነን ነው ሊባል ይቻላል። ሆኖም ከዚያ በኋላ የሚመጣው የልምምድ ዘመንም በጥቅሉ ይታለፋል። ወሳኞቹ ግጥሚያዎች ይበልጡን በተጫዋቾቹ ስሜት እንጂ በሐሳባቸው አካሄድ አይገለጹም። ስለዚህ አንባቢው ማሎሪ ማሸነፏን ያውቃል፤ እንዴት አስባ እንዳሸነፈች ግን አይማርም።

እውነተኛው የቼዝ ታሪክ ሌላ ነገር ያስተምራል። የሀንጋሪው የትምህርት ባለሙያ ላስሎ ፖልጋር ልሂቅነት በትምህርት ይገኛል ብሎ በማመን ሦስት ሴት ልጆቹን በቡዳፔስት በቤቱ አስተማረ። ታናሺቱ ዩዲት በ1991 በ15 ዓመት ከ4 ወር ዕድሜዋ የግራንድ ማስተር ማዕረግ አግኝታ፣ ቦቢ ፊሸር በ1958 ያስመዘገበውን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2002 ጋሪ ካስፓሮቭን በፈጣን ጨዋታ አሸነፈች፤ በ2005 ደግሞ ከዓለም ተጫዋቾች ስምንተኛ ሆነች። ከዚህ ውጤት በስተጀርባ በየቀኑ የተደገመ የብዙ ሰዓት ልምምድና መላ ኑሮውን ለዚሁ ያዋለ ቤተሰብ ነበረ። ማሎሪ ያጣችው ይህንኑ ነው። ደራሲዋ የዕጦቱን ዋጋ በሚገባ ብታሳይም፣ ልምምድ ሳይኖር የመጣውን ድል እንደ ተፈጥሮ ስጦታ አድርጋ አለፈችው።

የሴት ተጫዋቾች አያያዝም በሚዛናዊነት ቀርቧል። በዚህ ማዕረግ የተከበረችው የመጀመሪያዋ ሴት፣ ጆርጂያዊቷ ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ፣ ማዕረጉን ያገኘችው በ1978 ነው። በመጽሐፉም ሴቶችን የሚንቅ ተፎካካሪ አለ። ኖላን ግን ሽንፈቱን እንደ ውርደት ሳይቆጥር ካሸነፈችው ልጅ ጋር እንደገና ለመጫወት ይጓጓል። ፍቅሩ የሚጀምረው ከአክብሮት መሆኑ ለወጣት ወንዶች አንባቢያን በተለይ ይጠቅማል።

መጽሐፉ ስለ ፆታዊ ግንኙነት በግልጽ የሚናገር በመሆኑ ለታችኛው ክፍል ተማሪዎች አይስማማም። ከፍ ላሉት ግን ከዩዲት ፖልጋር ሕይወት ጋር ጎን ለጎን ቢቀርብ ለክፍል ውይይት መልካም መነሻ ይሆናል። መምህሩ «ማሎሪ ለምን አሸነፈች?» ከማለት ይልቅ «ማሎሪ እንድትማር ጊዜዋን ማን ከፈለላት?» ብሎ ቢጠይቅ ውይይቱ ፍሬ ይኖረዋል። የዕቅድ ባለሙያም ቢሆን ይህን ጥያቄ ሊያልፈው አይገባም። ጋራዥ ውስጥ የቀረችው ማሎሪ በማንም የፈተና መዝገብ ላይ አትገኝምና።