«ማረጋገጥ» እና «ሥልጣን»፦ በድረ ገጽ መተግበሪያዎች የተጠቃሚ ማንነት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ዋና ተግባሩ ተቀራራቢ ጽንሰ ሐሳቦችን ለያይቶ ማቆም ነው። አንድ ስያሜ ለጆሮ ቢጥምም እንኳ ጎረቤቱን ጽንሰ ሐሳብ የሚውጥ ከሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በኮምፒዩተር ሙያ ይህ ችግር ጎልቶ ከሚታይባቸው መስኮች አንዱ የተጠቃሚ ማንነት ነው። በዚህ ጽሑፍ በመስኩ የሚዘወተሩትን የአማርኛ ስያሜዎች እንመረምራለን። ለመመዘኛነት የወሰድነው በጃቫ ቋንቋ ለሚሠሩ መተግበሪያዎች የሚያገለግለውን፣ ስፕሪንግ ሴኩሪቲ የተባለውን የጥበቃ ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፉ እ.ኤ.አ. በ2003 አሴጂ በሚል ስም ተጀምሮ ከ2008 ወዲህ በአሁኑ ስሙ ይታወቃል። የመረጥነውም ሥራውን ደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ስም ስለሚሰጥ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ተጠቃሚው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያቀርብ ማዕቀፉ በመጀመሪያ መዝገቡን በስሙ ይፈልጋል፤ ቀጥሎ የቀረበው የይለፍ ቃል ከተመዘገበው ጋር መግጠሙን ይመረምራል፤ ከገጠመም የተጠቃሚውን ማንነትና የተሰጡትን ሥልጣኖች ይይዛል። ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው የተጠበቀ ገጽ በጠየቀ ቁጥር ለዚያ የሚያበቃ ሥልጣን እንዳለው ያያል። እንግሊዝኛው የፊተኛውን ምርመራ ኦተንቲኬሽን፣ የኋለኛውን ውሳኔ ኦቶራይዜሽን ይለዋል። የፊተኛው «ማን ነው?» ለሚለው፣ የኋለኛው «ምን ይገባዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

በአማርኛ ግን ሁለቱም «ማረጋገጥ» ወይም «ማረጋገጫ» እየተባሉ ሲደባለቁ ይታያል። «ማረጋገጥ» ምን እንደሚረጋገጥ በራሱ አይናገርም፤ ማንነትም፣ ክፍያም፣ አድራሻም፣ መብትም ይረጋገጣል። «ተጠቃሚው ተረጋግጧል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ጀማሪ ባለሙያ፣ ሰውየው ታወቀ እንጂ ሁሉ ነገር አልተፈቀደለትም ብሎ እንዲያስብ የሚያሳስበው ቃል የለም።

ጉዳቱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። አንድ ተማሪ በትክክለኛ የይለፍ ቃሉ ገብቶ፣ በገጹ አድራሻ ላይ ያለውን ቁጥር ለውጦ የሌላውን ተማሪ ውጤት ቢያይ፣ ማንነቱ ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል፤ ሳይጠየቅ የቀረው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ኦዋስፕ የተባለው የመተግበሪያ ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአሥር አደጋዎች ዝርዝር የእንዲህ ዐይነቱን የመዳረሻ ቁጥጥር ጉድለት በ1ኛ፣ ማንነትን የመለየትና የማረጋገጥ ጉድለትን በ7ኛ ደረጃ አስቀምጧል። በአገራችን ሕግም ልዩነቱ ክብደት አለው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የሄደውንም ይመለከታል። ይህ ሁለተኛው ሰው ማንነቱ የታወቀ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ እንግሊዝኛውን ፍጹም አርአያ አድርጎ መውሰድ አይገባም። በኤችቲቲፒ ደንብ 401 የተባለው መልስ ስሙ ቃል በቃል «ሥልጣን ያልተሰጠው» ሲሆን፣ ትርጉሙ ግን ማንነቱ ያልተረጋገጠ ማለት ነው፤ ጥያቄው ተረድቶ ለተከለከለው የሚሰጠው 403 ነው። የማንነት ማስረጃ የሚጓጓዝበት የመልእክት ራስጌም ኦቶራይዜሽን ይባላል። እንግዲህ 401ን «አልተፈቀደም» ብሎ የሚተረጉም ሰው የምንጩን ስሕተት ይወርሳል። «ማንነትዎ አልተረጋገጠም» ቢል ግን አማርኛው ከምንጩ ይልቅ ትክክለኛ ይሆናል።

ለሁለተኛው ጽንሰ ሐሳብ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ሲቀርብ እንሰማለን። ችግሩ ቃሉ የተሸከመው ብዛት ነው፤ የንግድ ፈቃድ፣ የሥራ ዕረፍት፣ የልብ መሻት ሁሉ ፈቃድ ነው። ሰው ስለ ራሱ መረጃ አያያዝ የሚሰጠው ስምምነትም እንዲሁ ይባላል። ከዚህ የተነሣ «የተጠቃሚ ፈቃድ» የሚለው ሐረግ ተጠቃሚው የሰጠውም፣ ለተጠቃሚው የተሰጠውም ሊሆን ይችላል፤ ዘርፉ ሁለቱንም ይቀበላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ሰነድ ውስጥ መገናኘታቸው አይቀርም። በበኩላችን ለተጠቃሚው ለሚሰጠው «ሥልጣን»፣ ተጠቃሚው ለሚሰጠው «ይሁንታ» ቢባል እንመርጣለን። «ሥልጣን» ለተራ ተጠቃሚ ይከብዳል የሚል ተቃውሞ ይኖራል። ነገር ግን «ሥልጣን የሌለው ሰው እንዳይገባ» ስንል ስለ ሹመት እንደማንናገር ሁሉም ይረዳል።

በነባር ቃል በሚገባ ሊሟላ የሚችለው የኦኦት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኦኦት 2.0 ሰው የይለፍ ቃሉን ሳያስረክብ ሌላ መተግበሪያ በእርሱ ስም የተወሰነ ሥራ እንዲሠራ ያስችላል። ለዚህ አማርኛ «ውክልና» አለው፤ ቃሉ ከውል አሠራር የመጣ ስለሆነ ወሰኑ፣ የጊዜ ገደቡና መሻሩ አብረውት ይመጣሉ። የውክልና ወረቀት ተወካዩ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል እንጂ ወካዩ አሁን ከፊታችን መቆሙን አያስረዳም። ኦኦትን ለማንነት ማረጋገጫ ማዋል ያስከተለውን ግድፈት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕን አይዲ ኮኔክት የተባለ ደንብ መጨመሩ ይህንኑ ያሳያል። በተመሳሳይ መንገድ ማዕቀፉ ፕሪንሲፓል የሚለውን «ባለጉዳይ» ልንለው እንችላለን፤ ባለጉዳይ ግለሰብም ድርጅትም ይሆናልና።

ነባር ቃል የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። የይለፍ ቃል በመዝገብ «ተመስጥሮ» ይቀመጣል ይባላል፤ የተመሰጠረ ነገር ግን ቁልፍ ያለው ሰው ይፈታዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የቀረበው ቢክሪፕትና መሰሎቹ የሚያደርጉት ተመልሶ የማይፈታ ለውጥ ነው። እዚህ ላይ «ሃሽ» የሚለውን መዋስ ከማሳሳት ይሻላል።

በመጨረሻ፣ የአማርኛ ፊደል ራሱ የማንነት ጥያቄ ያስነሣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል፤ የዩኒኮድ የማስተካከያ ደንቦችም አያዋሕዷቸውም። ስለዚህ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም፣ ለመዝገቡ ሁለት ተጠቃሚ ናቸው። በአንዱ ተመዝግቦ በሌላው የመጣ ሰው አይታወቅም፤ ሌላ ሰውም የእርሱን ስም በሌላው ፊደል ሊይዝበት ይችላል። መፍትሔው ሰውን ፊደሉን እንዲለውጥ ማስገደድ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይታይ፤ ለማነጻጸር ብቻ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ይመለሱ። የሞክሼዎቹን ሠንጠረዥ በአንድነት መወሰን ግን ለየፕሮግራም ጸሐፊው የሚተው ሳይሆን የቋንቋ ባለሙያዎች ሥራ ነው።

ሐሳባችንን ስናጠቃልል፣ «ማረጋገጥ» ለኦተንቲኬሽን ሲውል ምንጊዜም «ማንነት» ከሚለው ጋር ይጻፍ፤ ለኦቶራይዜሽን «ሥልጣን መስጠት»፣ ለኦኦት «ውክልና»፣ ለተጠቃሚው ስምምነት «ይሁንታ» ይዋል። ተርጓሚዎች እነዚህን በሥራ ላይ ፈትነው የሚገጥማቸውን ጉድለት ቢያሳውቁ ለቀጣዩ የቃላት ውይይት ይጠቅማል።