ወደ አኮርዲዮን መመለስ

ከደምበል ተነስቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ካዛንቺስ ለሚወጣ ሰው ሂልተን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚህ ሆቴል ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ኦርጋኑ ላይ የነበረው ኃይሉ መርጊያ ነው። የልጅነት መሣሪያው ግን አኮርዲዮን ነበር። ባንዱ አሜሪካ ሄዶ ከተበተነ በኋላ፣ በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ ያንኑ አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጋባው። አንድ ሙዚቀኛ ወደ ሥሩ ተመለሰ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያኔ የተቀዳው ካሴት፣ «ሸሞንሟናዬ» ያለበት፣ በደንብ ያሳያል።

«አኮርዲዮን የፈረንጅ አይደለም ወይ? ማሲንቆው የት ሄደ?» የሚል አይጠፋም። ሥሩ ያለው ግን እንጨቱና ቆዳው ላይ ሳይሆን ቅኝቱ ውስጥ ነው። መሣሪያው አሥራ ሁለቱንም ድምፅ እያቀረበለት ኃይሉ በአምስቱ ይረጋል፤ ወናፉን ቀስ አድርጎ ሲስብ አንዷ ድምፅ ሳትቋረጥ ትወፍራለች፣ ትሳሳለች፤ የማሲንቆ ደጋን እንደሚያደርገው ማለት ነው። ክራር ይዞ ቅኝቱን የሚስት ስንት አለ! የከበሮ ማሽኑ ደረቅ ነው ለሚሉት እኔም እስማማለሁ፣ ደረቅ ነው። ሆኖም ምቱ ፍንክች ስለማይል የወናፉ ትንፋሽ ጎልቶ ይሰማል። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ማሽኑን በሰው ከበሮና ቤዝ ተካው፤ አልበሙን የከፈተው ግን በትዝታ ነው፣ አኮርዲዮኑም አብሮት አለ።