ሰብለ ብሎ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ደግ ነው፤ ይሁንና መልአኩ አንዳንድ ጊዜ ብዕር የጨበጠ ደራሲ ሆኖ እንደሚገኝ ልብ ያልነው አይመስለኝም። ሴት ልጁን «ሰብለ» ያለ አባት ስሙን ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲጠራ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው እንኳ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ እንደ ጎረቤቱ ልጅ አወቃት። እንግዲህ የኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ስሙን ከመጽሐፉ ስንወስድ መጽሐፉን እንዴት አንብበነዋል? ከልቦለድ ስም መዋስ ሂስ ነውና። ሐያሲ በአሥር ገጽ የሚለውን ወላጅ በአንድ ቃል ይለዋል። የሐያሲው ጽሑፍ ይረሳል፤ የወላጁ ሂስ ግን በልጅቱ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ይኖራል።

ነገሩን ከጎንደር በኩል ማየት የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር ስም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። «ካሰች» የተባለች ልጅ ከእርሷ በፊት የሞተ እንደ ነበረ ስሟ ይናገራል። ከቋራ የመጣችውን እቴጌ እንመልከት። የቤት ስሟ ምንትዋብ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስሟ ብርሃን ሞገሳ ነበር። አንዷን ሴት ቤተ ሰብ በውበቷ፣ ቤተ ክርስቲያን በሰማዕቱ ልጅነት፣ ቤተ መንግሥት በሞገሷ አነበቧት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1730 ጀምሮ ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ፣ ከዚያም ለልጅ ልጇ ለኢዮአስ ዙፋን አለኝታ የነበረች፣ ቁስቋምን ያሳነጸች ሴት ናት። ሕዝቡ ከሦስቱ ስሞች ይዞ የቀረው ግን መልኳን የሚያደንቀውን ነው። ለሴት ልጅ ስም ስናወጣ ዓይናችን አስቀድሞ ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ወደዚህ ሐተታ የገፋፋኝ አንድ ጎንደሬ ባልንጀራዬ ነው። ሴት ልጅ ተወልዳለት «ሰብለ» ሊላት አሰበ። የሚስቱ እናት ግን ከዳባት ለማሪያም አራስ ጥየቃ ወርደው ኖሮ አሻፈረኝ አሉ። «ልጄ፣ እኔም እኮ ያቺን ልጅ በሬዲዮ ሰምቻታለሁ፤ አልቅሼላታለሁም። ምን ደስታ አይታ ነው ስሟን ለዚች ለጨቅላ የምትሰጣት?» አሉት። ባልንጀራዬ ይህን እንደ አሮጌ እምነት ቆጥሮ እኔ እንድፈርድለት ጠየቀኝ። እኔ ግን አማቱን እንደ ሐያሲ ነው የሰማኋቸው። እርሱ የሚወዳት ሰብለ በመጽሐፉ መካከል ያለችውን፣ ውቧንና ተፈቃሪዋን ነው። እሳቸው ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አድምጠውታል። አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ የትኛው ነው መጽሐፉን ያነበበው?

ቢሆንም የሴትዮዋ ፍርድም አልበቃኝም። ስለዚህ ስሙን የጎንደር ሊቃውንት ቅኔ እንደሚፈቱ ለመፍታት ሞከርሁ። የደንቢያ ገበሬ ሰብል ሲል ጤፉንና ሽንብራውን፣ የወገራውና የዳባቱ ደገኛ ደግሞ ገብሱን ማለቱ ነው። «ሰብለ» ሲሆን ግን ግዕዝ ነው፤ ዘርፉን የሚጠብቅ ባለቤት ነው፤ «የ... ሰብል» ማለት ነው። ሙሉው ስም ሰብለ ወንጌል፣ የወንጌል አዝመራ ነው። እኛ «ወንጌል»ን ቆርጠን ስንጥለው ስሙ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ወልደን ወልዴ፣ ኃይለን ኃይሌ፣ ገብረን ገብሬ ብለን ስናሳጥር ማሰሪያ እናበጅላቸዋለን። ለሰብለ ግን ይህንንም አላደረግንላትም።

ጉዱ ገና ነው። በአገራችን ልማድ ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚመጣው ያባት ስም ነው። «ሰብለ እገሌ» ብለን ስንጽፍ በግዕዙ አግባብ «የእገሌ ሰብል» ብለን መጻፋችን ነው። ወንጌል በነበረበት ስፍራ አባት ገባ! ታዲያ የሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ መከራ ከዚህ ሌላ ምን ነበር? ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን እንደ ጎተራ እህል ነበር የሚቆጥሯት። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ዘሩን እየመዘኑ፣ የሚመጥናት የለም እያሉ መለሱት፤ ልጅቱም የጋብቻ ዕድሜዋ እስኪያልፍ ቤት ተቀመጠች። ደራሲው የነቀፈው ሥርዓት ይኸው ነው። እኛ ደግሞ መጽሐፉን ወደን፣ ለሰብለ አልቅሰን፣ የተነቀፈውን ነገር በስሟ አጻጻፍ መልሰን ስንተክለው አላስተዋልንም።

ሰብለ ወንጌል የሚለው ስም ደግሞ ከልቦለዱ የሚቀድም ባለቤት አለው። የዓፄ ልብነ ድንግል ባለቤት፣ የገላውዴዎስ እናት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ናት። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1540 ከሞተ በኋላ፣ አገር በግራኝ ጦርነት በምትታመስበት ዘመን ከደብረ ዳሞ ወርዳ ከፖርቱጋሎቹ ጦር ጋር የተጓዘች መበለት ነበረች። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1543 ጣና አካባቢ፣ ወይና ደጋ ላይ ሲፈጸም ድል ያደረገው ልጇ ነው። የጎንደር አብያተ መንግሥት ገና ሳይታነጹ ስሟ በዚያ ምድር ላይ ተጠርቷል። ስለዚህ ለባልንጀራዬ አማት የምለው ነበረኝ፦ ይህ ስም አንድ ዕጣ ብቻ የለውም።

የልቦለዷም ሰብለ ብትሆን የእንባ ዕቃ ብቻ አይደለችም። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ ቤት የገባው እርሷን ሊያስተምር ነው፤ ፍቅራቸውም ያደገው በትምህርቱ መካከል ነው። በዛብህ ሕይወቱን ለማትረፍ ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ፣ እርሷም የባላባት ልጅነቷን ጥላ ያን ሩቅ መንገድ ተከትላው ወጣች። ያገኘችው በሞት አፋፍ ላይ ነው፤ መመንኮሷም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መጨረሻዋ መቃብር መሆኑ እውነት ነው። ወደዚያ ያደረሳት መንገድ ግን የራሷ ነበር፤ በሕይወቷ ውስጥ ራሷ የመረጠችው ትልቁ ነገርም እርሱ ነው። ወላጆች ስሙን ሲሰጡ ይህን ይሰጣሉን? ወይስ ውበቷንና እንባዋን ብቻ?

ይህን የምለው ለወንዶች ልጆች የምናደርገውን ስለማውቅ ነው። ቴዎድሮስን ልቦለዱም ቲያትሩም ደጋግሞ አንሥቶታል፤ የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለመድረክ አብቅተውታል። ልጁን ቴዎድሮስ የሚል አባት መቅደላ ላይ ራሱን መግደሉን ያውቃል። አውቆም አይፈራም፤ ወኔውን ይወርሳል ይላልና። አሟሟቱ እንኳ ክብር ሆኖ ይቆጠርለታል። ለሴት ልጅ ሲሆን ግን ያው አሟሟት መጥፎ ገድ ይሆናል። ይህ አድልዎ በመጽሐፎቹ ውስጥ የተጻፈ ሳይሆን እኛ አንባቢዎቹ ይዘን የገባነው ነው።

መጨረሻዋ ያማረ ገጸ ባሕርይ ጠፍታ እንዳይባል ደግሞ ጦቢያ አለችልን። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ያቋረጠች ቆንጆ ናት፤ ታሪኳም የሚያልቀው በሠርግ ነው። ሆኖም በበኩሌ ጦቢያ የምትባል ሕፃን አላጋጠመችኝም። ምናልባት ስሙ አገሪቱን የሚያህል ሆኖ ለአንድ ሕፃን የከበደ መስሎን ይሆናል። ወይም ደግሞ ወላጅ ለሴት ልጁ ከጀግንነት ይልቅ ሐዘንን ማዋስ ይቀለው ይሆናል።

ባልንጀራዬን የመከርሁት ይህን ነው፦ ስሙን ከሰጠህ አትቁረጠው፤ ሰብለ ወንጌል በላት፤ አንተም ከእርሷ ስም ቀጥለህ ስትጻፍ ባለቤት ሳትሆን አባት ብቻ ትሆናለህ። አማቱም ሙሉውን ስም ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ግን አንድ ነገር አስገቡ። «እንግዲያው ፊደል የቆጠረች ዕለት መጽሐፉን ራሷ ታንብበው፤ ሰው አይንገራት» አሉ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቄሱ ሌላ ስም ጨምረውላታል፤ የቤቷ ግን ያው ሙሉው ሆኖ ጸንቷል።

የሴትዮዋን ቃል ለሁላችንም የሚሆን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ልጃችንን በገጸ ባሕርይ ስም ከጠራን መጽሐፉን የመስጠት ዕዳ አለብን፤ አሳዛኙን ምዕራፍ ሳንዘል፣ የአባትየውንም ጥፋት ሳንሸፍን። አንብባም ስሙን ብትወደው ደግ ነው። ብትጣላውም መብቷ ነው፤ ያን ጊዜ ሂሱ ከኛ እጅ ወደ እርሷ ተላልፏል።