ብቸኛው መንገደኛና ከኋላው የመጣው ሕዝብ

የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ በባሕርዩ ከራሱ ጋር የሚጣላ የጽሑፍ ዓይነት ነው። ጸሐፊው ሰው ያልበዛበት ሥፍራ ማግኘቱን ለሺህ አንባቢ ያውጃል፤ አንባቢውም መጽሐፉን ይዞ ይሄድና ያንኑ ገጽ ያነበቡ ሌሎች ሰዎች ቀድመውት ሲያገኛቸው ያዝናል። ምስጢሩን በአደባባይ የተናገረ ሰው “ምስጢሬ ወጣብኝ” ብሎ ማማረር ባልተገባው ነበር። ይሁንና ማማረሩ ቀርቶ አያውቅም። በትርጉም ሥራ በቈየሁባቸው ዓመታት በርካታ የጉዞ ጽሑፎች በእጄ አልፈዋል፤ “ከግርግር የራቀ” የሚል ሐረግ የሌለበት ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ይህ ቅራኔ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የዊሊያም ዎርድስዎርዝ የሐይቆች አገር መምሪያ ነው። የሐይቆች አገር፣ ማለትም ሌክ ዲስትሪክት፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኝ ተራራና ውኃ የተቃቀፉበት ምድር ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ በ1810 የወጣው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ጆሴፍ ዊልኪንሰን የተባሉ ቄስ ላሳተሙት የሥዕል መድበል ማብራሪያ ሆኖ ነበር፤ የባለቅኔው ስምም አልተጻፈበትም። ኋላ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሆነና በ1835 አምስተኛው እትም ወጣ። ማቲው አርኖልድ እንደሚተርከው፣ ባለቅኔውን ሊጠይቅ የመጣ አንድ ቄስ “ከዚህ መምሪያ ሌላ የጻፉት ነገር አለን?” ብሎታል። በግጥሙ ዘመኑን የለወጠ ሰው በመንገድ መሪነቱ ብቻ ሲታወቅ ማየት ያስቃል፤ የመጽሐፉንም ተሰሚነት ያስረዳል።

ከዎርድስዎርዝ በፊት በእጅ በእጅ ይዞር የነበረው በ1778 የታተመው የቶማስ ዌስት መምሪያ ነው። ዌስት ጐብኚው ከየትኛው ነጥብ ላይ ቆሞ የትኛውን ሐይቅ ማየት እንዳለበት ሥፍራ እየቈጠረ ይወስናል። በዚያ ዘመን ጐብኚዎች ጥቁር ቀለም የተቀባች ትንሽ መስተዋት ይይዙ ነበር፤ ለተራራው ጀርባቸውን ሰጥተው ምስሉን በመስተዋቷ ውስጥ ይመለከታሉ። ዛሬ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ስልኩን ፊት ለፊቱ የሚዘረጋው ወጣት ነውሩን የፈጠረው እርሱ አይደለም ማለት ነው።

ዎርድስዎርዝ ከዚህ ልማድ የሚለይበት አንድ ገጽ አለ፤ እርሱም ስለ ወቅት የጻፈው ነው። ዌስት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ሲመርጥ፣ ዎርድስዎርዝ ሰው በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣው አገሩ ያን ጊዜ ስለሚያምር ሳይሆን ዕረፍት ስለሚያገኝ ነው ይላል። በእነዚያ ወራት አረንጓዴው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ዝናቡም ይበዛል። እርሱ የሚመርጠው ከግንቦት አጋማሽ ወይም መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ያለውን የጸደይ ማብቂያ ነው፤ ቀኑ ይረዝማል፣ አየሩ ያመቻል፣ የሚታየውም ይለያያል። ይህን ገጽ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ምክንያቱም አንባቢውን ወደ ስውር ሸለቆ አይወስደውም፤ ሁሉ ወደሚያውቀው ሥፍራ በሌላ ጊዜ ና ነው የሚለው። ስውር ሥፍራ በተነገረ ቁጥር ያልቃል። ጊዜ ግን እንዲህ ቶሎ አያልቅም፤ ቀድሞ የተነሣ ሰው ዘግይቶ ከሚነሣው ምንም አይቀማም።

በትምህርት ቤት ስለ ዳፎዲል አበባ ያነበብን የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ዎርድስዎርዝን የምናውቀው ብቻውን እንደሚንከራተት ሰው ነው። አበቦቹን በኡልስዎተር ሐይቅ ዳር ያያቸው ሚያዝያ 15 ቀን 1802 ሲሆን፣ ያን ዕለት እኅቱ ዶሮቲ አብራው ነበረች። ያየችውን በዕለት ማስታወሻዋ ጽፋዋለች፤ በ1807 በታተመው ግጥም ውስጥ ግን የለችም። እንግዲህ ብቸኝነቱን ያገኘነው ከግጥሙ እንጂ ከመንገዱ አይደለም። ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። “ብቸኝነት” ብንል ወዳጅ ያጣ ሰው ኀዘን ይመጣብናል፤ “ብሕትውና” ብንል ዋሻና ጸሎት። “ጽሞና” ይቀርባል፤ ነገር ግን ጽሞና ሰው ባለበትም ይገኛል። ምናልባት ዎርድስዎርዝ በእኅቱ አጠገብ ሆኖ ያገኘው ይህንኑ ይሆናል፤ ሲጽፈው ግን ሰውን ከሥዕሉ ማስወጣት አስፈለገው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ተጓዥ ሁሉ ግጥሙን አምኖ፣ አጠገቡ ሰው ባየ ቁጥር ተፈጥሮ የተቀማበት ይመስለዋል።

ይህ እምነት የት እንደሚያደርስ የታየው በ1844 ነው። ከኬንዳል ወደ ዊንደርሚር የባቡር ሐዲድ ሊዘረጋ ሲታሰብ፣ የ74 ዓመቱና የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ዎርድስዎርዝ በግጥምም በጋዜጣ ደብዳቤም ተቃወመ። ሠራተኞችና ትናንሽ ነጋዴዎች በብዛት ቢመጡ የሚጠቀሙት ጥቂት ነው፤ የመልክዐ ምድር ፍቅር በትምህርትና በልማድ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነውና በዕረፍት ቀናቸው በሰፈራቸው አቅራቢያ ባለው መስክ ቢንሸራሸሩ ይሻላል ሲል ተከራከረ። ይኸው ሰው በመምሪያው ውስጥ ያ ምድር የሚያይ ዓይንና የሚደሰት ልብ ላለው ሁሉ እንደ አገር ሀብት ሊቈጠር እንደሚገባው ጽፎ ነበር። በመጽሐፉ እንደ ግብዣ የተነገረው “የሚያይ ዓይን” በደብዳቤዎቹ የበር ጠባቂ ሆነ።

ስጋቱ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ባቡሩ በ1847 ዊንደርሚር ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ግራስሚር አላለፈም። ያን ያህል ያልተጠበቀው መኪና ግን ሁሉም ቦታ ገባ። 40 ሺህ ያህል ነዋሪ ያለው ይህ ምድር አሁን በዓመት ከ15 ሚሊዮን በላይ ጐብኚ ይቀበላል። ሆኖም በ1951 ብሔራዊ ፓርክ፣ በ2017 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተጠበቀው በሩ ስለተዘጋ አይደለም፤ የሁሉ ነው የሚለው የመምሪያው ሐሳብ ሥር ስለ ሰደደ ነው።

እኔም መጽሐፉን አምኜ አንድ ዓመት በግንቦት የመጨረሻ ሳምንት ወደ ግራስሚር ሄድሁ። ዎርድስዎርዝ የመረጠው ሳምንት በዛሬይቱ እንግሊዝ ሰኞው የሕዝብ በዓል፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም የሚዘጉበት መሆኑን አላስተዋልሁም። መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ፣ ባለቅኔው የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በሰው ሞልቶ አገኘሁት። በማግሥቱ በአገራችን አቈጣጠር ገና 11 ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ እንደ ወጣች፣ በአስከሬን መንገድ ወደ ራይዳል ተነሣሁ። ይህ የእግር መንገድ ጥንት የራይዳልና የአምብልሳይድ ሰዎች አስከሬን ተሸክመው ወደ ግራስሚር ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን አሳርፈው የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ እስከ ዛሬ አለ። ከበጎች ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። እንግዲህ ብቻዬን ነኝ ስል፣ ከፊት ለፊቴ አንድ አባት ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ተቀምጦ ቁርስ ሲበላ ደረስሁ። ከላንክሻየር የፋብሪካ ከተማ የመጡ ናቸው። “በዚህ ሰዓት ማንም አይኖርም ብለን ነበር” አለኝ እየሳቀ፤ ሻይም ቀዳልኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሻዩን ከመቀበሌ በፊት ቅር ብሎኝ ነበር። የቀኑን ንጽሕና ያጐደሉብኝ መሰለኝ። ለእነርሱም እኔው ያን ነበርሁ፤ እነርሱ ግን ሻይ ቀዱልኝ። በ1844ቱ ደብዳቤዎች የተቈጣሁበት ስሜት በእኔም ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጧት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ሁለት ወገን ነው። የዎርድስዎርዝ መምሪያ ሰው እንዴት ቢሄድ፣ መቼም ቢሄድ የተሻለ እንደሚያይ ያስተምራል፤ በዚህ ረገድ ዛሬ “ማንም ያልደረሰበት” እያሉ መንደር ከሚሸጡት ጽሑፎች ሁሉ ይበልጣል። የሚጐድለው ጸሐፊው ራሱን ከሚመጣው ሰው መካከል አለመቊጠሩ ነው። መጽሐፉን የመተርጐም ዕድል ባገኝ ደብዳቤዎቹን ከኋላው አያይዛቸዋለሁ፤ አንባቢ ግብዣውንና ክልከላውን በአንድ ጥራዝ እንዲያነብ። በባቡር ይመጣሉ ተብለው የተፈሩትን ሰዎች በአማርኛ ምን ልበላቸው እያልሁ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። “መንጋ” የደብዳቤዎቹን ቁጣ ይይዛል፤ “ግርግር” የተጓዡን ምሬት። ከዚያ ድንጋይ ወዲህ ግን “ሕዝብ” የሚለውን መርጫለሁ፤ እኔንም የሚጨምር ቃል እርሱ ነውና።