«ሬዲዮኑን ዝጋው»

መሥሪያ ቤታችን አንዲት ደብል ጋቢና ፒክ አፕ አለችው። የሚነዷት ሹፌር ጡረታ የቀረባቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከመስክ ሲመለሱ ስምሪት ክፍል ገቡና «መኪናዋ ድምፅ አላት» አሉ።

«ምን ዓይነት ድምፅ?»

«ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ ትላለች። ከበስተኋላ ነው።»

የስምሪት ኃላፊው ግቢ ውስጥ መኪናዋን አስነስቶ አዳመጠ። ምንም የለም። «ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ ደህና ናት፤ ጆሮዎን ይታዩ» ብሎ ሳቀ። እየሄደች የምትጮህን መኪና አቁሞ ማዳመጥ! ስንት ነገር እንዲህ አቁመን አዳምጠን «ደህና ነው» ብለን ይሆን?

ድምፁ ሲብስ ጋራዥ ተገባ። የመጀመሪያው መካኒክ ሳይነዳት «ኩሽኔታ ነው» አለ። ተቀየረ። ሲጥ ሲጥ ቀጠለ። ሁለተኛው «የባሌስትራ ጎሚኒ ነው» አለ። ዕቃው ከሱማሌ ተራ ተገዝቶ ተቀየረ። ሦስተኛው ደግሞ ሾክ አብዞርበሩን ጥፋተኛ አደረገ። የብዙዎቹን ዕቃዎች ስም ከጣሊያን ወርሰናል፤ ከመፍታት በፊት መጠየቅን ግን ማን ያውርሰን? ከሦስቱ አንዳቸውም «መቼ መቼ ነው የሚጮኸው?» አላሉም።

ወጪው ሲበዛ ጥፋተኛ ተፈለገ፤ ተገኘም። «የማይታወቅ ብልሽት በተደጋጋሚ በማመልከት መሥሪያ ቤቱን ለወጪ ዳርገዋል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለሹፌሩ ተጻፈላቸው። ከጋራዦቹ ኮሚሽን ይበላሉ የሚል ሐሜትም በየቢሮው ዞረ።

ከዚያ በኋላ ነው ደብረ ማርቆስ ለሥራ የታዘዝነው። ሹፌሩ «በዚህች መኪና ዓባይ በረሃን አልወርድም» አሉ። ከተቆጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። አበል ሊቀርብኝ ነዋ! «እባክዎ ጋሼ፣ አሁንስ አበዙት» ብያቸዋለሁ። እሳቸው ግን መልስ ሳይሰጡ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዱን።

ሽማግሌው መፍቻ አላነሡም። ገቢና ገብተው ተቀመጡና መጀመሪያ የተናገሩት ለእኔ ነበር፦ «ልጄ፣ ሬዲዮኑን ዝጋው።»

አፈርኩ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ድምፁን ያልሰማሁት በዘፈን ሸፍኜው ነው።

ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረው መጠየቅ ጀመሩ። መቼ ጀመረ? ሲፈጥኑ ይጨምራል? ፍሬን ሲይዙ ይጠፋል? ሲታጠፉስ? ኋላ ማርሽ ሲያስገቡ ቋ የሚል ነገር አለ? ሹፌሩ ሁሉንም መለሱ። ለካ መልሱ ሁሉ እሳቸው ጋ ነበር፤ የጠፋው ጠያቂ ነው። 40 ሲደርሱ «ፎሌ ያድርጓት» ተባሉ። ሞተሩ ዝግ ብሎም ድምፁ ቀጠለ። «እንግዲህ ሞተሩ ነፃ ወጣ» አሉ ሽማግሌው። «ድምፁ ደግሞ ከጎማው ዙር ይፈጥናል። ጎማው አንዴ ሲዞር ሦስት አራቴ የሚዞር ነገር ከሥር አለ።»

ከሥር ገቡ። ከማርሽ ሳጥን ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ ጫፍ ላይ፣ ክሮቼራ የሚሉት መስቀል መሳይ ማጋጠሚያ ግሪስ አልቆበት ደርቋል። ዙሪያው እንደ በርበሬ የቀላ የዝገት ዱቄት ይዟል። ያ ነገር ቁልቁለት ላይ ቢበጠስ ዘንጉ ይወድቃል፤ ማርሽና ሞተር መኪናዋን መያዝ ያቆማሉ፤ ያን ሁሉ ዳገት በፍሬን ብቻ መውረድ ነው። ዓባይ በረሃን የሚያውቅ ይፍረድ። ክሮቼራው ከምሳ በፊት ተቀየረ። ሲጥ ሲጥም ቀረ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው። ግን የእኛ ሹፌር መቼ ደበቁ? ዛሬ ችግራችን በሽታውን የሚናገር ማጣት ብቻ አይደለም፤ የተናገረውን በሽተኛ ማድረጋችን ነው። ተማሪዎቹ እንዳልገባቸው ያመለከተ መምህር «ብቃት የለውም» ይባላል። ሒሳቡ አልገጥም ያላት ገንዘብ ያዥ «ነገረኛ» ትሆናለች። ከዚያ ስብሰባ ይጠራና አንድ ኩሽኔታ ይቀየራል፤ አንዱ ኃላፊ ተነሥቶ ሌላው ይሾማል። ድምፁ ይቀጥላል። እኛም ሬዲዮኑን ከፍ እናደርጋለን።

ሽማግሌው ሲያሰናብቱን ያሳዩኝን አልረሳም። አንዳንድ የፍሬን ሸራ ላይ ትንሽ ብረት ትገጠማለች። ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን እየነካች ሆን ብላ ትጮኻለች፤ የተሠራችው ለዚሁ ነው። መኪና ሠሪዎቹ ጩኸትን ከጥቅም ቆጥረው ገንዘብ አውጥተውበታል።

የእኛይቱ ፒክ አፕ አሁን ጸጥ ብላ ትሄዳለች። የሹፌሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ ፋይላቸው ውስጥ ነው። ይነሣላቸው ብዬ ማመልከቻ ጽፌያለሁ። «ይታያል» ተብያለሁ።