ዴቪካ ራኒና «አቹት ካንያ»፤ በሲኒማ መጋረጃ ላይ ማን ማንን ይሆናል?

የሕንድ ፊልም ለዚህ መጽሔት አንባቢ ባዕድ ነገር አይደለም። ከአብዮቱ በፊት የአዲስ አበባን ሲኒማ ቤቶች ያጣብብ ከነበረው ወጣት መካከል ሂንዲ ሳያውቅ ከናርጊስ ጋር ያለቀሰ፣ የራጅ ካፑርን አረማመድ የቀዳ ብዙ ነው። ከእነ ናርጊስ በፊት የነበረውን ትውልድ ግን እምብዛም አናውቀውም። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከታት ያሰብነው ዴቪካ ራኒ የዚያ የቀደመው ትውልድ ታላቅ ተዋናይ ናት። በአገሯ «የሕንድ ሲኒማ ቀዳማዊት እመቤት» ትባላለች፤ የሕንድ መንግሥት በ1969 ያቋቋመውን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት ከማንም ቀድማ የተቀበለችውም እሷ ናት። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ስለ እሷ የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ የሚበዛው ግን ወይ ውዳሴ ነው ወይ ሐሜት። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ዴቪካ ራኒ ስሟን የተከለችበት ሚና የማንን ሕይወት ያሳያል? ያንን ሕይወት የሚኖሩት ሰዎችስ በዚያው ዘመን በመጋረጃው ላይ ምን ቦታ ነበራቸው?

ለጥያቄው መልስ ለመፈለግ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ፋልኬ በ1913 «ራጃ ሃሪሽቻንድራ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ለንግሥቲቱ ሚና የምትሆን ሴት አጣ፤ ሴተኛ አዳሪዎች እንኳ እምቢ ስላሉት ከምግብ ቤት ያገኘውን ሳሉንኬ የተባለ ወንድ ሳሪ አልብሶ ካሜራ ፊት አቆመው። በዚያው ዓመት በሠራው ሌላ ፊልም ዱርጋባይ ካማትና ልጇ ካምላባይ ተጫወቱ። በ1920ዎቹ ስመ ጥር ኮከብ የነበረችው ሱሎቻና፣ በልደት ስሟ ሩቢ ማየርስ፣ ከባግዳድ አይሁድ ዘር የምትወለድ ነበረች። የ«ጨዋ ቤት» ልጅ ፊቷን ለካሜራ መስጠቷ እንደ ውርደት ይቈጠር ስለነበር፣ ቦታውን የያዙት ከማኅበረሰቡ ጠርዝ የመጡ ሴቶች ነበሩ።

ዴቪካ ራኒ ይህን ልማድ ስትሰብር አጋዥ የሆናት ከማንም በላይ የትውልድ ሐረጓ ነው። በ1908 በዋልቴር ከከበረ የቤንጋል ቤተሰብ ተወለደች፤ አባቷ በቅኝ ገዢው ጦር የኮሎኔልነት ማዕርግ የነበራቸው ሐኪም ናቸው፤ ከታጎር ቤተሰብም ጋር የሥጋ ዝምድና ነበራት። በልጅነቷ ወደ እንግሊዝ ተልካ አደገች፤ ትያትርና ሙዚቃ፣ ኋላም የጨርቅ ንድፍ ሥራ ተማረች። በ1928 ለንደን ውስጥ ሂማንሹ ራይን አገኘች። ራይ ሕግ ተምሮ ሕግን የተወ፣ ከጀርመኖች ጋር ተሻርኮ ስለ ቡድሃ ሕይወት ድምፅ አልባ ፊልም የሠራ ሰው ነው። በ1929 ተጋቡ፤ ወደ በርሊንም ሄደው ኡፋ በተባለው ታላቅ ስቱዲዮ የሥራውን ሂደት ከውስጥ ለማየት ቻሉ። ይህ የበርሊን ትምህርት በኋላ በፊቷ ላይ በሚወድቀው ብርሃን ሁሉ ይታያል።

ከዚያ የመጣው «ካርማ» (1933) ነው፤ በእንግሊዝኛም በሂንዲም የተሠራ፣ ስለ ሁለት ልዑላን ፍቅር የሚተርክ፣ በእኛ አስተያየት ደካማ ፊልም። ዛሬ የሚታወሰው በመሳም ብቻ ነው። አራት ደቂቃ ይፈጃል እየተባለ እስከ ዛሬ ይደጋገማል፤ ፊልሙን የተመለከተ ሰው ግን የሚያየው በመካከሉ የሚቋረጥ፣ ከተባለውም እጅግ ያጠረ ትርኢት ነው። ከርዝመቱ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ሁኔታው ነበር፤ ልዑሉ በእባብ ተነድፎ ራሱን ስቶ ወድቋል፣ ልዕልቲቱም ልታነቃው እየሞከረች ነው። የሐዘን ትርኢት ነው እንጂ የፈንጠዝያ አይደለም። ኪሽዋር ዴሳይ በ2020 ያሳተመችው መጽሐፍ የተዋናይዋን የግል ደብዳቤዎች መርምሮ የሥራ ሰውነቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው የገለጠ ነው፤ እሱም እንኳ ከሽፋኑ ላይ «ረጅሙ መሳም» የሚለውን ርእስ ማስቀረት አልቻለም። አሳታሚዎች የሚሸጠውን ያውቃሉ።

በ1934 ባልና ሚስቱ ከቦምቤይ ወጣ ባለው ማላድ «ቦምቤይ ቶኪስ» የተባለውን ስቱዲዮ አቋቋሙ። አክሲዮን ማኅበር ነበር፤ በዳይሬክተሮቹ ቦርድ የከተማዪቱ ባለጸጎች ተቀምጠውበታል። ፊልሞቹን ያዘጋጅ የነበረው ጀርመናዊው ፍራንዝ ኦስተን፣ ካሜራውን የያዘው ደግሞ የአገሩ ልጅ ዮሴፍ ቪርሺንግ ነበር። ሙዚቃውን የምትደርሰው ፓርሲዪቱ ሳራስዋቲ ዴቪ ወገኖቿ በፊልም ሥራ መሰማራቷን ስለ ተቃወሙ በሂንዱ ስም ተሸሽጋ ነበር የምትሠራው። ሠራተኛው ሁሉ ካስት ሳይለይ ከአንድ ማእድ ይበላ እንደነበር ብዙዎች ጽፈዋል። ዴቪካ ራኒ አንድ ጊዜ ከአብሯት ከሚጫወተው ናጅሙል ሁሴን ጋር ኰብልላ መመለሷ፣ በእሱም ምትክ የላቦራቶሪ ረዳት የነበረው አሾክ ኩማር ሳይወድ ተዋናይ መደረጉ ብዙ የተወራበት ስለ ሆነ አንቈይበትም።

ዋናው ጉዳያችን «አቹት ካንያ» ነው፤ «የማትነካዋ ልጃገረድ» ማለት ነው። «የማይነካ» የሚለውን ቃል፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን በሙያ ስሙ ሲያንቋሽሽ ለኖረ አገር ልጅ ማብራራት አያስፈልግም። ፊልሙ በ1936 ወጣ። የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ዘበኛ የሆነው ዱክያ ከማይነኩት ወገን ነው፤ ልጁ ካስቱሪ ዴቪካ ራኒ ናት። ባለ ሱቁ ሞሃን ብራህሚን ነው፤ ልጁ ፕራታፕ አሾክ ኩማር ነው። ልጆቹ አብረው አድገው ይፋቀራሉ፤ መጋባት ግን አይታሰብም። እያንዳንዳቸው ከየወገናቸው ይዳራሉ፤ ቅናትና ሴራ ተጨምሮበት የካስቱሪ ባልና ፕራታፕ በሐዲዱ ላይ ሲደባደቡ ባቡር ይመጣል። ካስቱሪ ባቡሩን ለማስቆም ወደ ፊት ሮጣ ትሞታለች።

የሁለቱ አባቶች ወዳጅነት እንዴት እንደ ተጀመረ ልብ ይሏል። ሞሃንን እባብ ይነድፈዋል፤ ዱክያ መርዙን በአፉ መጥጦ ያድነዋል። ሰው ጥላው እንኳ እንዳያርፍበት በሚሸሸው ሰው አፍ የብራህሚን ገላ ሲነካ በአደባባይ ታየ ማለት ነው። እባብና አፍ በ«ካርማ»ም ነበሩ፤ ግን ሁሉ ሰው የሚያወራው ስለ ልዑላኑ መሳም ነው። በሕንድ ሲኒማ ከታዩት የአፍ ንክኪዎች ሁሉ ደፋሩ ይህ የዱክያ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ ያውም አንዲት ሴት ሳትኖርበት። ሞሃንም ውለታውን አልረሳም፤ ዱክያ ሲታመም ወደ ቤቱ ያስገባዋል፣ ሕዝቡም ተነሥቶ ቤቱን ያቃጥልበታል። እስከዚህ ድረስ ፊልሙ ጥርስ አለው።

ከዚያ በኋላ ግን ይለሰልሳል። ጥፋቱ ከሥርዓቱ ወርዶ በቀናተኞች ሴቶች ጫንቃ ላይ ይጫናል። የካስቱሪ ሞት ደግሞ ለሁሉም ይመቻል፦ ብራህሚኑ ከጋብቻው ሳይናወጥ ይቀራል፣ ተመልካቹ አልቅሶ ይወጣል፣ ለሟቿም በማቋረጫው ዳር መታሰቢያ ይቆምላታል። ፊልሙ የሚጀምረውም ከዚያው መታሰቢያ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም፤ የማትነካዋ ልጅ የምትከበረው ከሞተች በኋላ መሆኑን ገና ከመክፈቻው እንረዳለን። በዚያው በ1936 ዶክተር አምበድካር፣ የጋበዙት ሰዎች አስቀድመው ጽሑፉን አይተው በመደንገጥ የሰረዙበትን ንግግር በራሱ ወጪ አሳትሞ፣ ካስት ከነሥሩ ካልጠፋ ርኅራኄ ብቻውን ፋይዳ እንደሌለው ሲሟገት ነበር። የኮንግሬስ መሪዎች የወደዱት ፊልሙን ነው፤ ኔህሩና ሳሮጂኒ ናይዱ አብረው ሄደው እንዳዩት ይነገራል። ሌላም መራራ ነገር አለ። ይህን ርኅሩኅ ፊልም ያዘጋጀው ኦስተን የናዚ ፓርቲ አባል ነበር። እንግሊዞች በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ አሰሩት።

የዴቪካ ራኒን ትወና በሚመለከት ፍርዳችን የተከፈለ ነው። ካስቱሪ የመንደር ልጅ ሆና ሳለ ቅንድቧ በበርሊን ፋሽን ተለቅሞ ቀጥኗል፤ የቪርሺንግ ብርሃን እንደ ሥዕለ ማርያም ከቦ ያበራታል። አነጋገሯ የተማረ ሰው አነጋገር ነው። ሆኖም ዝም ስትል፣ በተለይ ከአባቷ አጠገብ ስትቀመጥ፣ ዓይኗ የሚናገረው ከቃለ ተውኔቱ ይበልጣል። ከፕራታፕ ጋር በራሳቸው ድምፅ የሚዘፍኑት ዘፈን፣ ድምፃቸው ያልሠለጠነ በመሆኑ ይመስለናል፣ ዛሬም ያምራል። ጥያቄው የችሎታ አይደለም። ከከፍተኛው ቤት የወጣች ሴት ወደ ታችኛው ሰው ሚና ወረደች፤ ሁሉም አጨበጨበላት።

ወደ ላይ የመውጣቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ለዚህ ማስረጃው ከማላድ ርቆ በደቡብ ጫፍ፣ በትራቫንኮር ግዛት ይገኛል። «አቹት ካንያ» ከመውጣቱ ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ጄ. ሲ. ዳንኤል የመጀመሪያውን የማላያላም ፊልም «ቪጋታኩማራን»ን ሠራ። የዋናዪቱን ገጸ ባሕርይ፣ የናየር ወገን የሆነች የባላባት ሴት፣ እንድትጫወት የመረጣት ፒ. ኬ. ሮዚ ከማይነኩት ከፑላያ ወገን ነበረች፤ ሣር እያጨደች የምትኖር፣ በሕዝብ ተውኔትም ልምድ ያላት ወጣት። በትሪቫንድረም በተደረገው የመጀመሪያ ትርኢት እንድትገኝ አልተፈቀደላትም። ባለ ሚናው ከጠጉሯ አበባ ነቅሎ ሲስም በታየ ጊዜ አዳራሹ እንደ ተናወጠ፣ ድንጋይ እንደ ተወረወረ፣ መጋረጃውም እንደ ተቀደደ ይተረካል። ቤቷንም አቃጠሉት ይባላል። በሌሊት ከከተማው ወጥታ ወደ ታሚል አገር ኰበለለች፤ በሌላ ስም ኖራ፣ ወደ ካሜራ ሳትመለስ ሞተች።

ሁለቱን ታሪኮች ጐን ለጐን ስናስቀምጥ ልብ ወለድና እውነት ቦታ ይለዋወጣሉ። በማላድ የተቀረጸው ቃጠሎ በትሪቫንድረም አስቀድሞ ደርሷል ማለት ነው። የትራቫንኮር ንጉሥ የቤተ ጣዖቱን በር ለማይነኩት ሁሉ የከፈተው በኅዳር 1936፣ ማለትም «አቹት ካንያ» በወጣበት ዓመት ነው፤ ሮዚ በዚያን ጊዜ በግዛቱ አልነበረችም። ይህን የምንለው ዴቪካ ራኒን ለመክሰስ አይደለም፤ ስለ ሮዚ የሰማችው ነገር ይኖራል ብለንም አንገምትም። «ቀዳማዊት» የሚለው ማዕርግ ሲሰጣት ግን፣ እንድትቀድም ያስቻላት ምን እንደ ነበረ አብሮ መጻፍ ነበረበት።

እውነተኛ ታላቅነቷን የምናየው ራይ በ1940 ከሞተ በኋላ ነው። በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ስቱዲዮውን ተረከበች፤ ከባለ አክሲዮኖችና ከውስጥ ተቀናቃኞች ጋር እየታገለች አስተዳደረችው። በእሷ ዘመን የወጣው «ኪስመት» (1943) በካልካታ በአንድ ሲኒማ ቤት ከሦስት ዓመት በላይ ታየ። ዩሱፍ ካን የተባለውን ወጣት ቀጥራ ዲሊፕ ኩማር ያለችው እሷ ናት፤ በ1944 በ«ጅዋር ብሃታ» አስጀመረችው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሕንድ ፊልም ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በ1943 አሾክ ኩማርና ሻሻዳር ሙከርጂ ተገንጥለው የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ፤ ዴቪካ ራኒም በ1945 ድርሻዋን ትታ ወጣች። ያገባችው ስቬቶስላቭ ሮይሪክ በፔትሮግራድ አብዮት አገሩን ያጣ ቤተሰብ ልጅ፣ ሠዓሊ ነበር። ስደተኛን ማግባት ምን እንደ ሆነ ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን አንነግርም። በባንጋሎር አቅራቢያ በ450 ኤከር ያህል ርስት ላይ ከፊልም ዓለም ርቃ ኖረች፤ በመጋቢት 1994፣ ባሏ ካረፈ ከዓመት በኋላ ሞተች። ወራሽ አልነበራትም፤ የርስቱ ክርክር እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 ለመንግሥት ተወሰነ።

የዴቪካ ራኒ ፊት አልጠፋም። የቪርሺንግ ቤተሰብ ያስቀመጣቸው የስቱዲዮው ፎቶግራፎች ባለፉት ዓመታት በሕንድ በዐውደ ርእይ ታይተዋል፤ ከካሜራው ጀርባ ያለው ሠራተኛ፣ ማሽኑ፣ በሥራ መካከል ያረፈችው ተዋናይ ሁሉ ይታያሉ። ስለ ሮዚ በ2013 ስለ ዳንኤል ሕይወት በተሠራው «ሴሉሎይድ» በተሰኘው ፊልም ብዙ ሰው ሰማ፤ የእሷ መሆኑ የተረጋገጠ ፎቶግራፍ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። የ«ቪጋታኩማራን»ም ቅጂ የለም። የመጨረሻውን ጥቅልል የዳንኤል ትንሽ ልጅ፣ ገና ሕፃን ሳለ፣ የነበልባሉን ቀለም ለማየት እያለ በጨዋታ እንዳቃጠለው ይነገራል።